በመናገሻ ደን ውስጥ ስላሉት የእግር መንገዶች

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘውን የመናገሻ ሱባን ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ትውፊቱ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይጠቀሳል።

በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን እንዲሁ ለመቀበል ይቸገራል። ከሱባ የሚነሣው ረጋ ያለ መንገድ ሽማግሌም ሕፃንም ሳይደክም የሚሄድበት ሲሆን፣ ግራና ቀኙን የሚታየው ጥድ ብቻ አይደለም። ዝግባና ወይራ ከጥዱ ጋር ተቀላቅለው ይታያሉ፤ ከፍ ባሉ ቍጥር ኮሶ ይመጣል፤ ከዚያም በላይ አስታ ይተካል። እንዲህ በየከፍታው ተለይቶ የበቀለ ዕፅ የአንድ ንጉሥ ትእዛዝ ብቻ ያስገኘው አይመስለኝም። ተከላው ተደርጎ ቢሆን እንኳ፣ ከእርሱ በፊት በነበረ ደን ቅሪት መካከል ሳይሆን አልቀረም።

ስለ መንገዶቹም አንድ ነገር ልጨምር። ሰፋፊዎቹ ዳገቱን እየሸሹ ይዞራሉ፤ ይህም ለመንሸራሸር የታሰበ ሳይሆን ከባድ ጭነት የሚያወርድ ሰው ጠባይ ነው። ሰውን ደስ የሚያሰኘው ምቾት፣ እንግዲህ፣ ምናልባት ዛፍ የመቍረጥ ውርስ ነው።

ደኑ መትረፉ ራሱ የሚያስገርም ነው። አዲስ አበባ በ1886 እ.ኤ.አ. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው እንጨት እያለቀ ስለ ሄደ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማዪቱን በቦታዋ ያቈያት ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬም መንገደኛው ከደኑ ሲወጣ፣ ጕሬዛው በጥዱ ላይ ከሚዘልበት ስፍራ ሳይርቅ፣ ባሕር ዛፉን ያገኘዋል።