ጎንደር የምትጠብቀው አፕዴት ከፋብሪካ አይመጣም

በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ሰዎች ማርች 2025 ላይ ረጅም ጥበቃቸው አበቃ። «ሴረም» የተባለው እውቅ የሲንተሳይዘር ሶፍትዌር ሁለተኛ ስሪቱ ወጣ። የመጀመሪያው የወጣው በ2014 ስለነበር በመካከሉ ከአስር ዓመት በላይ አልፏል። ሠሪዎቹም ቀድሞ ለገዙት ሁሉ አዲሱን በነጻ ሰጡ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲንተሳይዘር ድምጽን ከባዶ የሚፈጥር መሣሪያ ነው። ድሮ ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆን ብረትና ሽቦ ነበር፤ ዛሬ ግን ላፕቶፕ ውስጥ የሚጫን ሶፍትዌር ሆኗል። ሠርግ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የምንሰማው ሙዚቃ አብዛኛው በዚህ መንገድ ያለፈ ነው። ስለዚህ ማሽኑ የሚያውቀውና የማያውቀው ነገር የሙዚቀኛው ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የሰሚውም ጆሮ ጉዳይ ነው።

ጎንደር ላይ ሆኖ ይህንን አፕዴት የሚጠብቅ ወጣት አቀናባሪ ግን የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ገንዘብ ይጠብቃል፤ ኔትወርክ ይጠብቃል። ከሁለቱም በፊት የጀመረ፣ ከሁለቱም የሚረዝም ሌላ ጥበቃም አለ፦ ማሽኑ የአገሩን ቅኝት እስኪማር መጠበቅ።

◆ ገንዘብና ኔትወርክ

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አጠር አድርጎ ማለፍ ይቻላል። የመጀመሪያው ሴረም ዋጋ 189 ዶላር ነበር። ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ ይህ ከ10 ሺህ ብር በላይ ነው። በጁላይ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲሻገር፣ ያው ሶፍትዌር ከ18,900 ብር አለፈ። ብሩ ቢገኝ እንኳ ከውጭ ድረ ገጽ ላይ ዕቃ የሚገዛበት ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ክራክ የተደረገው ሶፍትዌር በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ክራክ ደግሞ አፕዴት የለውም። ያለፈቃድ የተጫነው ስሪት በተጫነበት ቀን ላይ ቆሞ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚያሳፍር ተቃርኖም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የዘፋኙን ሥራ የሚጠብቀውን ያህል የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ዘፈኑ በመሰረቁ የሚያለቅሰው ባለሙያ ዘፈኑን ያቀናበረው ብዙ ጊዜ በተሰረቀ መሣሪያ ነው።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። የአዲስ አበባው አቀናባሪ ሌሊት አውርዶ ጠዋት የሚሞክረውን ነገር የጎንደሩ፣ የዳባቱና የደባርቁ ልጅ አንድ መንገደኛ በፍላሽ እስኪያመጣለት መጠበቅ ነበረበት።

እነዚህ ሁለት ችግሮች ግን ፖሊሲ ሲስተካከልና ሰላም ሲወርድ የሚቃለሉ ናቸው። ሦስተኛው እንደዚያ አይደለም።

◆ ማሽኑ የማያውቀው ቅኝት

የኪቦርድ ቁልፎች አንድን ኦክታቭ በ12 እኩል ቦታ ይከፍሉታል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በዚህ ላይ ሊጫወቱ ይችላሉ፤ ሲጫወቱም ኖረዋል። ለምሳሌ አንቺሆዬ በኪቦርድ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ይሆናል። ወረቀት ላይ ያምራል። ማሲንቆ ግን ቁልፍ የለውም። አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ አንድ ደጋንና የተጫዋቹ ጣት ብቻ ናቸው ያሉት። ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፎች መካከል ነው። ሰሚው «ይሄ የጎንደር ልጅ ነው» የሚለውም እዚያ መካከል ላይ ያለውን ሰምቶ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ 1983 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የአሜሪካውና የጃፓን አምራቾች መሣሪያዎቻቸው እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ሚዲ የተባለ የጋራ ቋንቋ አወጡ። ዋነኞቹ አባቶቹ አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና የሮላንድ መሥራች ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ናቸው። ሚዲ ድምጽ አይሸከምም፤ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚሸከመው። «ይህን ቁልፍ፣ በዚህ ጉልበት ምታ፤ አሁን ልቀቅ» ይላል። ቁልፎቹ ደግሞ ከ0 እስከ 127 ቁጥር የተሰጣቸው ናቸው፤ በ60 እና በ61 መካከል ቁጥር የለም። ድምጽን የሚያጎብጥ መንኮራኩር ቢኖርም በአንድ መስመር ላይ ያሉትን ድምጾች በሙሉ አንድ ላይ ነው የሚያጎብጣቸው። አንዷን ብቻ ለይቶ ዝቅ ማድረግ አይችልም።

ይህ ቋንቋ ኢትዮጵያ የደረሰው ባንዶች እየሳሱ በነበረበት ዘመን ነው። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሥራ አዳከመው፤ ሸክላው በካሴት ተተካ፤ ብዙ ሙዚቀኛም ተሰደደ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ በ2013 ለዓለም እንደገና ሲታተም ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ልምምድ የሚያደርግበትን ኪቦርድ በመኪናው ሻንጣ ይዞ ነበር የሚዞረው። 28 ዓመት የጠበቀ ሥራ ማለት ይህ ነው።

ያ ካሴት መጪውን ዘመን አሳይቷል፦ አንድ ሰው፣ አንድ ማሽን። ከዚያ ወዲህ ኪቦርዱ የነፋሱን፣ የቤዙንና የከበሮውን ቦታ እየወሰደ ሄደ። ይህ በራሱ ጥፋት አልነበረም፤ ግሩም ሥራዎች ወጥተውበታል። በ2019 ያረፈው ኤልያስ መልካ ለአንድ ትውልድ ጣዕም የሰጠው በስቱዲዮ መሣሪያ ነው። ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉም የክራርና የማሲንቆን ድምጽ ከኮምፒውተር ጋር አጋብተው የውጭ ሰሚ አግኝተዋል። ግን አንድ ነገር በዝምታ ተለወጠ። አዝማሪው ከኪቦርድ ጋር ሲጫወት የሚስማማው እሱ ነው፤ ኪቦርዱ አይስማማለትም። ጣቱ ቀስ በቀስ ወደ ቁልፉ ተጠጋ።

◆ ዝግጁ ሆኖ የተቀመጠው አፕዴት

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ኩባንያዎቹን ይወቅሳል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው የሚለው።

ያማሃ ገና በ1980ዎቹ፣ በሁለተኛው ትውልድ ዲኤክስ 7 ላይ፣ የእያንዳንዱን ቁልፍ ቅኝት መቀየር የሚያስችል ነገር አስገብቶ ነበር። ሚዲ ራሱ በ1992 የቅኝት ደንብ ተጨመረበት። የአረብ ሙዚቀኞች ይህንን ዕድል አልለቀቁትም። ማቃማቸው የሚፈልገውን ሩብ ድምጽ ገበያቸው ስለጠየቀ ያማሃ ፒኤስአር ኤ2000፣ ኤ3000 እና ኤ5000 የተባሉ ኪቦርዶችን ለእነሱ ሠራ። በ2020 ደግሞ ሚዲ 2.0 ጸደቀ፤ ከ37 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አሁን እያንዳንዱ ድምጽ ለብቻው መጉበጥ ይችላል።

በነጻውም በኩል እንዲሁ ነው። «ዚን» በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ሶፍትዌር ከ2002 ጀምሮ በነጻ አለ። «ሰርጅ» የተባለው ሲንተሳይዘር ደግሞ ለገበያ ተሠርቶ ነበር፤ ሠሪው በ2018 ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው፣ በጎ ፈቃደኞች አሳድገውት በ2022 «ሰርጅ ኤክስቲ» ሆኖ ወጣ። ሁለቱም የቅኝት ፋይል ይቀበላሉ። የቅኝት ፋይል ማለት የአንዱ ድምጽ ከሌላው ርቀት በሴንት የተጻፈበት ተራ ጽሑፍ ነው። አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ነው፤ በፒያኖ ጎረቤት ቁልፎች መካከል 100 አለ። ማሲንቆው 100 ላይ ሳይሆን 130 ላይ የሚያርፍ ከሆነ 130.0 ብሎ መጻፍ ነው። አለቀ። ዶላር አይጠይቅም፣ ካርድ አይጠይቅም፣ ፋይሉም ከአንድ ፎቶ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ኢንተርኔት በሌለበት በፍላሽ ይሄዳል።

እንግዲህ የጎደለው ማሽኑ አይደለም። የጎደለው ቁጥሩ ነው። የጎንደር ማሲንቆ በአንቺሆዬ ሲቃኝ የት የት ላይ ያርፋል? ጥናት የለም ማለት አይደለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ዕዝራ አባተ በኢትዮጵያ ቅኝቶች አወቃቀር ላይ ለዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ጽሑፍ አቅርቧል። ጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴ በጎንደር ከተማ አዝማሪዎችና ላሊበሎች ላይ ፊልሞች ሠርቷል። ሆኖም ጥናቱ በመጽሐፍ፣ ፊልሙ በውጭ አገር መደርደሪያ ሲቀመጥ፣ የቺክቺካ ስታይል በፍላሽ እንደሚዞረው የጎንደር ቅኝት በፍላሽ ሲዞር አይታይም።

◆ የሺህ ዓመቱ አፕዴት

ጎንደርና አካባቢዋ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደሉም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዜማውን ከደረሰ በኋላ የመጨረሻ ዘመኑን በሰሜን ተራሮች እንዳሳለፈ ይተረካል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በቃል ሲወርዱ ሲዋረዱ ኖሩ። ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559)፣ የተድባበ ማርያም ሊቃውንት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይናገራል። ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ፊደላት የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው።

ልብ በሉ፤ ምልክቱም እንደ ሚዲ ነው። ድምጹን አይሸከምም፣ ለሚያውቀው ሰው ያስታውሰዋል እንጂ። ስለዚህ ምልክቱ የሠራው ከኋላው ዜማውን ጠንቅቆ የያዘ ሊቅ ስለነበረ ነው። የሺህ ዓመቱ አፕዴት ከውጭ አልመጣም፤ ባለቤቶቹ ቁጭ ብለው ጻፉት።

ሁለተኛ ታሪክ አለ። አለቃ ገብረ ሐና ከጣና ማዕበል እንቅስቃሴ ተምረው አዲስ አቋቋም እንደፈጠሩ፣ የአቋቋም ምስክር የሆነችው የጎንደር በአታ ግን ወዲያው እንዳልተቀበለችው ይነገራል። ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ዛሬ በየማኅሌቱ «የተክሌ» ተብሎ የሚታወቀው እሱ ነው። አፕዴቱ ዝግጁ ነበር፤ የዘገየው ተቀባይ ስላጣ ነው። የ1992ቱ የቅኝት ደንብም በእኛ ዘንድ እንዲሁ ነው የሆነው።

◆ ሁለት ተቃውሞዎች

«የማሲንቆ ቅኝት አንድ አይደለም፤ በቁጥር ማሰር መግደል ነው» የሚል አለ። ሥጋቱ እውነት አለው። ግን ምልክት በመጻፉ የጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት አንድ አልሆኑም፤ እያንዳንዱ ለዛውን ይዞ ቀጥሏል። አንድ ፋይል ይበቃል ያለም የለም። ለእያንዳንዱ አዝማሪ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ የራሱ ፋይል ሊኖረው ይችላል። የሚገድለውስ ዛሬ ያለው ነው፦ ለሁሉም አንድ ቅኝት፣ እሱም የፒያኖ።

«በጦርነት መካከል የምን ሲንተሳይዘር?» የሚልም አለ። መልሱ ጥያቄው ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ሠርግ ሲቀር፣ አዝማሪ እንጀራውን ፍለጋ ሲሰደድ፣ ጣቱ ላይ ያለው እውቀት ቅጂ የለውም። የሕንጻ ፍርስራሽ ይጠገናል፤ ፋሲል ግቢ ሲጠገን ኖሯል። ያልተቀዳ ጣት አይጠገንም።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ጥሩ መቅጃ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ለጊዜው ተገቢ ክፍያ የሚያገኝ አዝማሪ፣ ቁጥሩን የሚለካ ተማሪ። በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከተማው ውስጥ ነው። የአዝማሪዎች መንደር ቡርቧክስም ከከተማው ሩቅ አይደለችም። በሁለቱ መካከል ያለውን ያን አጭር መንገድ የሚሄድ ሰው ከተገኘ፣ ቀጣዩ ስሪት ሲወጣ ለማሽኑ የሚሰጥ ነገር ይኖራል። ካልተገኘ ግን ሴረም መቶኛ ስሪቱን ቢያወጣም አንቺሆዬን አያውቃትም፤ ያስተማረው የለምና።