የሰዓት ሰቅና አጥቢያ፦ የኮምፒውተር የጊዜ መዝገብ ታሪክና የቋንቋ መረጃችን

የንግግር ቅጂ የሚሰበስብ የቋንቋ ተመራማሪ ለእያንዳንዱ ቅጂ ቀንና ሰዓት ይመዘግባል። መረጃው ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ፕሮግራሙ ቀኑንና ሰዓቱን «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ከሚለው የሰዓት ሰቅ መጠሪያ ጋር አጣምሮ አንድ የጊዜ ኦብጀክት ይፈጥራል፤ በመጠሪያው አማካይነትም የአገሩ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ከዩቲሲ በምን ያህል እንደሚቀድም ያሰላል። ይህ ጽሑፍ የመጠሪያውን ታሪክ በአጭሩ ይመረምራል። መከራከሪያውም የጊዜ ኦብጀክት የተናጋሪውን ቃል ሊተካ ስለማይችል ሁለቱ ጎን ለጎን ሊመዘገቡ ይገባል የሚል ነው።

አብዛኞቹ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች የሚገለገሉበት የሰዓት ሰቅ የመረጃ ቋት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአርተር ዴቪድ ኦልሰን ተጀምሮ፣ ኋላ በፖል ኤገርት አስተባባሪነት የቀጠለ ነው። በቋቱ የቀድሞ ቅጂዎች አዲስ አበባ የራሷ የሰዓት ታሪክ ነበራት። እስከ 1870 እ.ኤ.አ. ከዩቲሲ በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ፣ ከዚያም እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ከዚያ ወዲህ በ3 ሰዓት ትቀድም እንደነበር ተጽፏል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነው። ሰዓት የተለወጠበት ቀን ከተማዪቱ ከተያዘችበት ቀን ጋር መግጠሙ ለታሪክ ተመራማሪ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ሊታይ ይገባዋል። የቋቱ አዘጋጅም ቢሆን መረጃውን ከቶማስ ሻንክስ አትላስ እንደወሰደው፣ ለሁለተኛው ልኬት መነሻ የሆነውን ቦታም በግምት እንዳስቀመጠው በማስታወሻው ገልጿል።

በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህ ታሪክ ከዋናው መዝገብ ወጣ። የቋቱ ደንብ ከጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ልዩነት የሌላቸውን ቦታዎች በአንድ መዝገብ የሚያጠቃልል በመሆኑ፣ አዲስ አበባ፣ አሥመራ፣ ጅቡቲ፣ ሞቃዲሾ፣ ካምፓላና ዳሬሰላም የናይሮቢ ተለዋጭ ስሞች ሆኑ። የቀድሞው መረጃ በተጓዳኝ ፋይል ቢቀመጥም ብዙ ሥርዓቶች አይጭኑትም። ውጤቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ፕሮግራመር ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ለተመለሱበት ለሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በ«አፍሪካ/አዲስ አበባ» ስም ኦብጀክት ቢፈጥር፣ የሚያገኘው በዚያን ጊዜ ናይሮቢ ትሠራበት የነበረውን የ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ልዩነት ነው። የቀድሞው መዝገብ ግን 3 ሰዓት ይሰጠው ነበር። ስሙ የአዲስ አበባ፣ ታሪኩ የቅኝ ግዛቲቱ ኬንያ ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ስሕተት ስለመኖሩ ምንም ምልክት አያሳይም።

ሁለተኛው ችግር ከቋንቋ ይነሣል። አማርኛ ተናጋሪ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» የሚለውን ቅጽበት መዝገቡ 7 ሰዓት ብሎ ይጽፈዋል። ስዋሂሊም ያንኑ ቅጽበት «ሳአ ሞጃ አሱቡሂ»፣ ማለትም የጠዋት አንድ ሰዓት፣ ይለዋል። ይህ የአቈጣጠርና የስያሜ ልዩነት እንጂ የሰዓት ሰቅ ልዩነት አይደለም። ሆኖም 6 ሰዓት ቀንሶ አገሪቱን ዩቲሲን በ3 ሰዓት በሚከተል ሰቅ ማስቀመጥ ለፕሮግራመር ቀላል መፍትሔ ሊመስለው ይችላል። ይህም አዲስ አበባን ከቦነስ አይረስ ጋር በአንድ ሰቅ ማዋል ነው። ቅጽበቱ ባይዛባም ቀኑ ይዛባል፤ ምክንያቱም ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለው ጊዜ ሁሉ ወደ ቀደመው ዕለት ይዞራል።

ቋንቋው ግን ለዚህ ድንበር የራሱ መላ አለው። ተናጋሪው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ» ሲል ሁለቱን ዕለታት ጠርቶ ሌሊቱን በመካከላቸው ያኖረዋል። «አጥቢያ» የሚለው ቃል ንጋትን ከሚያመለክተው «ጠባ» ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ ነው። የጊዜ ኦብጀክት አንድ ቀን ብቻ ስለሚቀበል መዝጋቢው ወይ ቅዳሜን ወይ እሑድን ለመምረጥ ይገደዳል፤ በምርጫውም ተናጋሪው በቃሉ የጠበቀው መረጃ ይጠፋል።

ከዚህ በመነሣት ለቋንቋ ክምችት አዘጋጆች ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ይቻላል። አንደኛ፣ ተናጋሪው ጊዜውን የገለጸበት ቃል እንዳለ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የተጠቀመበት የዘመን አቈጣጠርና የሰዓት አቈጣጠር ይጠቀስ። ሦስተኛ፣ በስሌት የተገኘው ቅጽበት ከሰቁ መጠሪያና ከመረጃ ቋቱ እትም ጋር ይያዝ። እትሙ ሲለወጥ ስሌቱን እንደገና መሥራት ይቻላል። ያልተመዘገበ ቃል ግን ተናጋሪው ካለፈ በኋላ ከየትም አይገኝም።