ከሩጫ ገንዘብ ወደ ሕንፃ፦ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የከተማ ባለሀብት እንዴት ተወለደ?



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ባለሀብት ቢሆንም መነሻዬ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን ቴሌግራፍ ሕዝቡ «የነፋስ ስልክ» አለው፤ ሰፈሩም በዚያው ስም ተጠራ። በክፍለ ከተማው በኩል፣ በአሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ፣ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎች ይገኛሉ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ ለዲፕሎማቶች የሚከራይ ቤት መሥራት አስተማማኝ ገቢ ያስገኝ ነበር። የዚያ ዘመን የከተማ ባለሀብት በአመዛኙ ባለርስት ነው፤ መሬቱ ቀድሞ በእጁ አለ፣ ቤቱን በመሬቱ ላይ ይሠራል፣ ከቤቱ ኪራይ ይሰበስባል።

ይህን ሰንሰለት የበጠሰው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተተወለት፤ ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኋላ «ኪራይ ቤቶች» ለተባለው መሥሪያ ቤት ተላለፉ። አዋጁን ስናጠና የተወረሱትን መቁጠር ለምደናል። እኔን ግን ይበልጥ የሚስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ በኋላ የተነሣው ባለንብረት ገንዘቡን ከየት አመጣ? ርስት የለው፣ ውርስ የለው።

ከመልሶቹ አንዱ ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ ናቸው። አዋጁ ሲወጣ በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ የሚያድጉ የሁለት ዓመት የገበሬ ልጅ ነበሩ። በ10 ሺህ ሜትር በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ ወርቅ ወሰዱ፤ በ2001 ዓ.ም. መባቻ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገቡ። ሩጫቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልቆይበትም። ለታሪክ ተመራማሪ ቁም ነገሩ የሽልማቱ ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ መገኘቱና ከአገር ውስጥ የመሬት ግንኙነት ሙሉ በሙሉ ነጻ መሆኑ ነው። የቀድሞው ባለሀብት ከመሬት ወደ ገንዘብ ሄደ፤ እሳቸው ከገንዘብ ወደ መሬት መጡ።

የመጡበት መሬት ግን አይሸጥም። የ1986ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 ለባለሀብቱ የሰጠው የተወሰነ ዘመን ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ሊዝ ከዘመኑ ጋር ግዴታ አለው፤ ግንባታ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ጊዜ በውሉ ይሰፍራል። ስለዚህ ቦታ አጥሮ ዋጋው እስኪያድግ መጠበቅ በሕጉ መንፈስ የሚፈቀድ አይደለም፤ በተግባር ስንቱ እንዳጠረ የከተማው ነዋሪ ያውቃል።

ሻለቃ ኃይሌ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዓለም ጥላሁን ጋር ያቋቋሙት ድርጅት በቦሌ መንገድ የዓለም ሕንፃን ሠራ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የኃይሌ ሪዞርት ተከፈተ። በሆቴሉ ሥራ ዋና ከተማዋን አልፈው መሄዳቸው፣ በእኔ ግምት፣ በስሜት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ለሊዝ ዘመን የተገደበ ንብረት በየዕለቱ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ይፈልጋል፤ ሆቴል እንዲህ ያለ ሥራ ነው። የክልል ከተሞችም ስም ያለው ባለሀብት ይሹ ነበር። በገበያው ላይ የቀረበው የሯጩ ስም ጭምር ነው፤ እንግዳው አልጋውን ከማየቱ በፊት ስሙን ያምናል።

ስሙ የታወቀ መሆኑ ግን አላዳነም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት በሻሸመኔና በባቱ፣ ማለትም በዝዋይ፣ የነበሩት የኃይሌ ሆቴሎች ተቃጠሉ። ሠራተኞቻቸው በአንድ ሌሊት ሥራ አጡ።

ሁለቱን ጊዜያት ጎን ለጎን እንድታዩ እጠይቃለሁ። በ1967 የአሮጌው አየር ማረፊያ ባለቪላ ንብረቱን ያጣው በአዋጅ ነው፤ ግድግዳው አልተነካም፣ የኪራዩ ተቀባይ ብቻ ተለወጠ። በሻሸመኔ ግን ውሉም ሕጉም ባሉበት ነበሩ፤ የነደደው ግድግዳው ነው፣ ማለትም በሊዝ ሥርዓት ከመሬቱ ተለይቶ የባለሀብቱ የሆነው ብቸኛ ነገር። መሬቱ ከአመዱ ሥር የመንግሥት እንደሆነ ቀረ።