የኤፌሶን ጩኸት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዛሬ የምንነግራችሁ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 19 ስለ ተጻፈው ስለ ኤፌሶን ሁከት ነው። ኤፌሶን ዛሬ በቱርክ አገር ፍርስራሽዋ ይታያል፤ በዚያ ዘመን ግን የታወቀች የወደብ ከተማ ነበረች። የአርጤምስ ቤተ መቅደስም ከሰባቱ የዓለም ድንቆች እንደ አንዱ ይቈጠር ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በዚያ ከሁለት ዓመት በላይ አስተምሮ ብዙ ሰው ከጣዖት በመለሰ ጊዜ፣ ሁከቱን ያስነሣው የጣዖት ካህን ሳይሆን ድሜጥሮስ የሚባል አንጥረኛ ነው። ይህ ሰው የቤተ መቅደሱን ምስል በብር እየሠራ፣ ለሞያ ባልንጀሮቹም ብዙ ትርፍ ያስገኝ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። ድሜጥሮስ አስቀድሞ የሰበሰበው ሕዝቡን አይደለም፤ አንጥረኞቹን ነው። ለእነርሱም ሀብታቸው ከዚህ ሥራ የሚገኝ መሆኑን፣ የጳውሎስም ትምህርት ሥራቸውን የሚያስንቅ መሆኑን ሳያፍር ገለጠላቸው። የአርጤምስን ክብር ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ ወደ አደባባይ በወጣ ጊዜ ግን የገንዘቡ ወሬ በመንገድ ቀረ፤ የተሰማው የአርጤምስ ስም ብቻ ሆነ። ስለ አንጥረኛ ትርፍ ከቤቱ የማይወጣ ሰው ስለ አባቶቹ አምልኮ ግን ይወጣል፤ ድሜጥሮስም ይህን ሳያውቅ አልቀረም።

ሕዝቡ የጳውሎስን ባልንጀሮች ጋይዮስንና አርስጥሮኮስን እየጐተተ ወደ ትርኢቱ አደባባይ ሮጠ። ይህ በተራራ ጥግ በድንጋይ ደረጃ የተሠራ ስፍራ ወደ 24,000 ሰው ይይዝ እንደ ነበር ሊቃውንት ይገምታሉ። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚመሰክረው፣ ከተሰበሰበው የሚበዛው ለምን እንደ መጣ እንኳ አያውቅም ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚያስፈራ ነገር አላገኘሁም። እስክንድሮስ የሚባል ሰው ሊናገር እጁን ቢያነሣ፣ የሚለውን ሳይሰሙ፣ አይሁዳዊ መሆኑን ስላወቁ ብቻ ድምፁን በጩኸት ዋጡት፤ ሁለት ሰዓት ያህልም የአርጤምስን ታላቅነት ሲጮኹ ቆዩ።

ምእመናን ሆይ፤ ድሜጥሮስ ዛሬ በመካከላችን ቢነሣ ስለ አርጤምስ አይነግረንም። እኛ በምንወደው ስም፣ ምናልባትም በቤተ ክርስቲያን ስም ይመጣል። ብሩንም በቤቱ ትቶት ይመጣል።

ያን ሁከት ያበረደው የከተማይቱ ጸሐፊ ነው። ክርስቲያን አልነበረም፤ አርጤምስንም አመስግኖ ነው ንግግሩን የጀመረው። ነገር ግን የተያዙት ሰዎች ቤተ መቅደስ እንዳልዘረፉ፣ አምላካቸውንም እንዳልሰደቡ በግልጥ መሰከረላቸው፤ ድሜጥሮስም ክርክር ካለው ችሎትና ዳኛ እንዳለ አመለከተ። ከተማይቱ በሁከት እንዳትከሰስ ፈርቶ እንጂ ለጽድቅ ብሎ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን፤ ሁለት ነፍስ ግን ዳነ።

በኢየሩሳሌም የሆነውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በዚያም የካህናት አለቆች በርባን እንዲፈታ፣ ጌታችንም እንዲሰቀል ሕዝቡን አባበሉት። ጲላጦስም የተከሰሰው ምን ክፋት እንደ ሠራ ጠየቀ፤ ያገኘው መልስ ግን የባሰ ጩኸት ነበር። እርሱ ወታደር ያለው፣ የቄሣር ሥልጣን የተሰጠው ዳኛ ነበረ፤ ነገር ግን ንጹሕ መሆኑን እየመሰከረ አሳልፎ ሰጠው፤ እጁንም ታጠበ። የኤፌሶኑ ጸሐፊ ግን በዚያ አደባባይ የቆመው በቃሉ ብቻ ነበር።

አርስጥሮኮስን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ፣ በዚያው መርከብ አብሮት ሲጓዝ እናገኘዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።