ዐይነ ስውሩ መምህር ዲዲሞስና የእስክንድርያው ጉባኤ ቤት

በጥንት ዘመን የእስክንድርያ ከተማ የነጋዴም የሊቅም መናኸሪያ ነበረች። በወደቧ የግብጽ ስንዴ በመርከብ ይጫን ነበር፤ በአደባባይዋም የጽርእ ፈላስፎች፥ አይሁድና ክርስቲያኖች እየተገናኙ ይከራከሩ ነበር። በዚህች ከተማ ክርስቲያኖች ያቋቋሙት አንድ ትምህርት ቤት ነበረ። ትምህርት ቤት ሲባል ግን ግንቡ የረዘመ፥ አዳራሹ የሰፋ ሕንፃ ሊመስል አይገባም። መምህሩ ባለበት ደቀ መዛሙርቱ ይሰበሰባሉ፤ ጉባኤ ቤቱም ይኸው ነው። ከ180 ዓ.ም. ገደማ ዠምሮ ጰንጤኖስ፥ ከእርሱም በኋላ ቀሌምንጦስ እስክንድራዊ፥ ቀጥሎም አርጌንስ አስተማሩበት። (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የታሪክ ጸሓፊው አውሳብዮስ እንደሚተርከው፥ አርጌንስ ተማሪው በበዛበት ጊዜ ዠማሪዎቹን ለያሮክላ ሰጥቶ የበሰሉትን ለራሱ አስቀረ። ይህም በአገራችን ቅኔ ቤት አስነጋሪው መምህሩን ከሚረዳበት ሥርዐት ጋራ ይመሳሰላል።

በዚያ ጉባኤ የሚሰጠው ትምህርት መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ አልነበረም። ሰዋስው፥ የንግግር ጥበብ፥ የክርክር ሥርዐት፥ ሒሳብ፥ ምድርን የመለካት ጥበብ፥ የዜማና የከዋክብት ትምህርት እንደ ደረጃ ኾነው ተማሪውን ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ያወጡት ነበር። እነዚህ ጥበቦች ከአረማውያን የመጡ ስለ ኾኑ፥ ክርስቲያን ሊማራቸው ይገባልን? የሚል ጥያቄ ከመዠመሪያው አንሥቶ ነበረ። አርጌንስ ለደቀ መዝሙሩ ለጎርጎርዮስ በላከው ደብዳቤ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። እስራኤል ከግብጽ ይዘውት የወጡት ወርቅ ለደብተራ ኦሪት ንዋየ ቅድሳት መሥሪያ እንደ ኾነ፥ የጽርእም ጥበብ እንዲሁ ለእግዚአብሔር ቤት ሊያገለግል እንደሚችል አስረዳ። ነገር ግን በዚያው ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ጨመረበት፤ በባዕድ ጥበብ ተጠቅሞ ለቤተ እግዚአብሔር የሚሠራ ጥቂት እንደ ኾነ፥ ጥጃ የሚያቆምበት ግን እንደማይታጣ አመለከተ። የዚህ ጉባኤ ቤት ታሪክ ኹሉ በእነዚህ በኹለቱ ቃሎች መካከል የሚመላለስ ነው።

ዲዲሞስ በ313 ዓ.ም. ገደማ በእስክንድርያ ተወለደ። የ4 ዓመት ሕፃን ሳለ፥ ፊደል ሳይቈጥር ዐይኖቹ ጠፉ። እንዲህ ያለ ሕፃን በዚያ ዘመን ዕድሉ ልመና ነበር። እርሱ ግን በእንጨት ገበታ ላይ ጠልቀው የተቀረጹትን ፊደላት በጣቱ እየዳሰሰ አንዱን ካንዱ ለየ፤ ከዚያ ወዲያ ሌሎች ሲያነቡለት እየሰማ፥ የሰማውንም ሌሊት በልቡ እየመላለሰ በቃሉ ያዘ። በፈረንሳይ አገር ሉዊ ብራይ ለዐይነ ስውራን የሚዳሰስ ፊደል አውጥቶ ያሳተመው በ1829 ዓ.ም. ነው፤ ዲዲሞስ ከእርሱ 1500 ዓመት ያህል ቀድሞ ነው በጣቱ ፊደልን የተማረው። በዚህ ዐይነት ትጋት ያለ ሥዕል ሊገቡ የማይችሉ የሚመስሉትን ሥነ ምድርና የከዋክብትን ትምህርት እንኳ አጠና። ቅዱስ አትናቴዎስም ምግባሩንና ዕውቀቱን አይቶ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ መምህር ይኾን ዘንድ ወደደ።

አባ እንጦንስ ከበረሓ ወደ እስክንድርያ በወረደ ጊዜ ዲዲሞስን አገኘው። ስለ መጻሕፍት ሲጨዋወቱ ቈይተው፥ የሥጋ ዐይንህን በማጣትህ ታዝናለህን? ብሎ ጠየቀው። ዲዲሞስ አፍሮ ዝም አለ። ኹለተኛ ጠየቀው፤ ዝም አለ። በሦስተኛው ግን፥ በውነት አዝናለሁ ብሎ ገለጠለት። አባ እንጦንስም ጥበበኛ ሰው ለዝንብና ለጕንዳን የተሰጠውን በማጣቱ ማዘኑን፥ ለቅዱሳንና ለሐዋርያት የተሰጠውን በማግኘቱም አለመደሰቱን አደነቀ። ይህን ወሬ የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ሄሮኒሞስ ነው፤ እርሱም ዲዲሞስን ዕውሩ ከማለት ይልቅ ባለራእዩ እያለ ይጠራው ነበር። በአገራችን መጻሕፍትን አመስጥሮ የሚያውቀውን ሊቅ ዐራት ዓይና የሚሉት ሰዎች የዚህን ስም ምክንያት ሳይነገራቸው ያውቁታል።

በ362 ዓ.ም. ዑልያኖስ ከሃዲ በክርስቲያን መምህራን ላይ ዐዋጅ አወጣ። የዐዋጁ ሐሳብ ሰይፍ የሚመዝ አልነበረም፤ ስለዚህም ይበልጥ አስጊ ነበር። በሆሜርና በሌሎቹ የጽርእ ባለቅኔዎች አማልክት የማያምን ሰው መጻሕፍታቸውን ሊያስተምር አይገባውም፤ ክርስቲያኖችም ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ገብተው ማቴዎስንና ሉቃስን ይተርጕሙ አለ። በዚህ ምክንያት በሮም ዕውቁ መምህር ቪክቶሪኖስ ወንበሩን ተወ፤ በአቴናም ፕሮኤሬስዮስ፥ ንጉሡ ለእርሱ ብቻ ቢፈቅድለትም፥ ማስተማሩን ተወ። ዑልያኖስ በሚገባ ያስተዋለው ነገር ነበረ። ክርስቲያን ከሰዋስውና ከክርክር ጥበብ ከተለየ፥ ከጊዜ በኋላ ሃይማኖቱን በሊቃውንት ፊት ሊያስረዳ የሚችል ሰው አያገኝም፤ ልጆቹን በሕዝብ ትምህርት ቤት ሊያስተምር የሚወድም በአረማዊ መምህር እጅ ይጥላቸዋል። ቅዱስ አትናቴዎስም በዚያው ዓመት ከመንበሩ ተሰደደ።

ዲዲሞስ ስለዚህ ነገር እጅግ ዐዘነ። ጳላድዮስ ከራሱ ከዲዲሞስ ሰምቶ እንደ ጻፈው፥ አንድ ቀን በሐዘን እህል ሳይቀምስ እስከ ማታ ቈይቶ በወንበሩ ላይ ሳለ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ፈረሰኞች በነጫጭ ፈረሶች ሲሮጡ አየ፤ ዑልያኖስ ዛሬ በሰባት ሰዓት ሞተ፥ ተነሥተህ ብላ፥ ለአትናቴዎስም ላክበት ሲሉ ሰማ። እርሱም ሰዓቱንና ቀኑን አስታወሰ፤ እንደ ተነገረውም ኾኖ ተገኘ። ዑልያኖስ በፋርስ ዘመቻ የሞተው በ363 ዓ.ም. በሰኔ 26 ቀን ነው። የቅዱስ መርቆሬዎስን ገድል የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ እንግዳ አይኾንበትም። ዐዋጁም በ364 ዓ.ም. ተሻረ።

ከዚያ በኋላ የዲዲሞስ ጉባኤ ከሩቅ አገር ሰው ይመጣበት ዠመር። ሄሮኒሞስ ጠጕሩ ሸብቶ፥ ራሱም መምህር ተብሎ ሳለ፥ በ386 ዓ.ም. ገደማ መጥቶ አንድ ወር ያህል እየጠየቀ ተማረ፤ ዲዲሞስ ስለ መንፈስ ቅዱስ የጻፈውንም መጽሐፍ ወደ ሮማይስጥ መለሰው። ሩፊኖስ ደግሞ በእስክንድርያ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ከእርሱ ተማረ። ይህ ሩፊኖስ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ባዕድ አይደለም። አባታችን ፍሬምናጦስ፥ ከሣቴ ብርሃን ሰላማ፥ ወደ አክሱም እንዴት እንደ መጣና ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን እንዴት እንደ ተቀበለ፥ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ አፍ በጢሮስ ሰምቶ በታሪክ መጽሐፉ የጻፈው እርሱ ነው። ዲዲሞስን በወንበር ያጸናው አትናቴዎስ፥ ፍሬምናጦስንም የሾመው አትናቴዎስ ነው። ወንበሩና መንበሩ ከአንድ እጅ ወጡ፤ የአንዱንም ዜና የሌላው ደቀ መዝሙር ጻፈው።

ዲዲሞስ በ398 ዓ.ም. ገደማ በ85 ዓመቱ ዐረፈ። በምስጢረ ሥላሴ የኒቅያን ሃይማኖት የጠበቀ ነበር። ነገር ግን አርጌንስን እጅግ ያከብር ስለ ነበረ፥ ነፍሳት ከሥጋ አስቀድሞ ተፈጥረዋል የሚለውንና ይህን የመሰለውን የአርጌንስን ስሕተት ተከተለ። አስቀድሞ የተነገረው የወርቅ ማስጠንቀቂያ በተናጋሪውም በደቀ መዝሙሩም ላይ ደረሰ። ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ በ400 ዓ.ም. የአርጌንስን ትምህርት አወገዘ፤ ሄሮኒሞስም መምህሬ እያለ ያመሰገናቸውን ኹለቱን መንቀፍ ዠመረ። በ553 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት ኬልቄዶናውያን የአርጌንስን ትምህርት ሲያወግዙ የዲዲሞስም ስም አብሮ ተነቀፈ። ከዚያ ወዲያ መጻሕፍቱን የሚገለብጥ ጠፋ፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ የጻፈው እንኳ ጽርኡ ጠፍቶ የሄሮኒሞስ ትርጕም ብቻ ቀረ። ስሕተቱን መለየት ተገቢ ነበር፤ ገለባው ሲነፋ ግን ስንዴው ዐብሮ ሄደ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1941 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ፥ ከካይሮ በስተ ደቡብ በቱራ በሚገኙት የድንጋይ መፍለጫ ዋሻዎች የጥይት ማኖሪያ ለማዘጋጀት ሠራተኞች ፍርስራሹን ሲጠርጉ የፓፒሩስ መጻሕፍት ተገኙ። ከነዚህም የዲዲሞስ የዘፍጥረት፥ የኢዮብ፥ የዘካርያስ፥ የመዝሙረ ዳዊትና የመክብብ ትርጓሜዎች ነበሩበት። የዳዊትና የመክብብ ትርጓሜዎች መምህሩ በወንበር ተቀምጦ ሲናገር በጉባኤው የተጻፉ ናቸው። በመካከላቸውም የደቀ መዛሙርቱ ጥያቄ ይገኛል። አንዱ ይጠይቃል፤ መምህሩ ይመልሳል፤ ሰዋስውን ይፈታል፤ ከአርስጣጣሊስ ምሳሌ ያመጣል፤ ወደ ዳዊትም ቃል ይመለሳል። የጥያቄው ባለቤት ስም አልተጻፈም፤ ድምፁ ግን ከ1500 ዓመት በኋላ ከዋሻ ተሰማ።

እንግዲህ የዚህ ጉባኤ ቤት ታሪክ ለዛሬ መምህርና ተማሪ ምን ይላል? ዑልያኖስ ጥበብን ከሃይማኖት ሊለያይ ወደደ፤ አልቻለም። አርጌንስና ዲዲሞስ ጥበብን ለሃይማኖት አገልጋይ አደረጉ፤ አልፎ አልፎ ግን አገልጋዪቱ በእመቤቲቱ ወንበር ስትቀመጥ ዝም አሉ። የሚጠቅመው መንገድ በኹለቱ መካከል ነው፤ ይኸውም ወርቁን መቀበል፥ ጥጃውን አለመሥራት ነው። የዲዲሞስን ትምህርት ያዳነው የሕንፃው ትልቅነት ወይም የገንዘቡ ብዛት አልነበረም። ያዳነው በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የሰማውን በታማኝነት የጻፈ ስሙ ያልታወቀ ተማሪ ነው። በየደብሩ በሣር ጎጆ ተቀምጠው ቃል ከአፍ የሚቀበሉ ልጆች፥ መምህራቸው ሲያልፍ አብሮ የሚያልፈውን ትርጓሜ ቢጽፉት፥ አንድ ቀን ለቤተ ክርስቲያን የዚያን ተማሪ ያህል ውለታ ይውሉላት ይኾናል።