ወርቁ የራቀው ሰው

በእኛ በኮልፌ ቀራንዮ አንድ ሰው «አእምሮውን ሳተ» ከተባለ ማሰብም ማስታወስም እንደማይችል ይቆጠራል፡፡ ይህ የመሃይም ወሬ ብቻ አይደለም፡፡ ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ለሕመሙ የሰጠው ስም «ያለ ዕድሜ የመጣ የአእምሮ መድከም» የሚል ነበር፡፡ ስዊሳዊው ኦይገን ብሎይለር እ.ኤ.አ. በ1908 «ስኪዞፍሬኒያ» ብሎ የለወጠው ሕመምተኛው ሁሉ አእምሮው አይደክምም በሚል ነው፡፡

ታዲያ የሚጎድለው ምንድን ነው? እንግሊዛዊው ክሪስ ፍሪዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሌላውን ሰው ሐሳብና ፍላጎት የመገመት ችሎታ ነው አለ፡፡ ከሦስት ዓመት በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ሕመምተኞችን በገደምዳሜ ንግግር ፈተነ፡፡ በእኛ አገር ልማድ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፤ እንግዳው «መሸ እኮ!» ቢል ምን ማለቱ ነው? አንዳንዱ ሕመምተኛ «አዎ፣ መሽቷል» ይላል እንጂ ሊሸኝ አይነሣም፡፡ ሒሳቡን ግን አሳምሮ ሊሠራ ይችላል፤ የማሰብ ችሎታ ማነስ ችግሩን በከፊል ብቻ ነው የሚያስረዳው፡፡ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ጎረቤት ሲያስል ለእሱ የተላከ መልእክት ይመስለዋል፡፡

ሰምና ወርቅ በሚወደድበት አገር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፡፡ ሕመምተኛውን ነውረኛ እንለዋለን (ጅል ከማለት የማይሻል ስም!)፡፡

ከአየር ጤና በዓለም ገና በኩል በሚያስኬደው መንገድ በምትገኘው ቡታጅራ፣ ከ1990 እስከ 1993 ዓ.ም. ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተመርምረው 321 የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች ተገኙ፡፡ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፡፡ ከዚያ በፊት የሕመሙን መድኃኒት የወሰዱት ከመቶ አሥር አይሞሉም፡፡ የቀሩትን፣ የሰው ንግግር ሲጠፋባቸው የሚያስተረጉምላቸው፣ ካለ፣ የቤተሰብ ሰው ብቻ ነበር፡፡