ከጡት ማተለቅና ማንሳት ቀዶ ጥገና በኋላ ማገገም

ጡት ማተለቅና ማንሳት የወረደን ጡት ትርፍ ቆዳ ቆርጦ ከፍ በማድረግና በውስጡ ኢምፕላንት በማስገባት ቅርጹንና መጠኑን የሚቀይር የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ነው። ኢምፕላንቱ በሲሊኮን ጄል ወይም በጨው ውኃ የተሞላ የሲሊኮን ከረጢት ነው። በሲሊኮን ጄል የተሞላው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተገጠመው በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ ነበር። በማገገሚያው ጊዜ የቆዳው ቁስል ይድናል፣ ኢምፕላንቱም ቦታውን ይይዛል። ሁለቱ እኩል ስለማይፈጥኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ቅርጽ የመጨረሻው አይደለም።

የኢምፕላንቱ ቦታ መያዝ

ከቀዶ ጥገናው እንደወጡ ጡቶቹ ወደ አንገት የቀረቡ፣ ጠንካራና ከላይ የተነፉ ሆነው ይታያሉ። ኢምፕላንቱ ከደረት ጡንቻ ሥር ከገባ የተቆጣው ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ለማንሳት ሲባል የጠበበው የታችኛው ቆዳም መውረጃ ይከለክለዋል። ሳምንታት ሲያልፉ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ጡንቻው ይላላል፣ ቆዳው ይለጠጣል፤ ኢምፕላንቱም ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። አንዱ ጡት ከሌላው ቀድሞ መውረዱ የተለመደ ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት በመስታወት ፊት የሚሰጥ ፍርድ ብዙም ዋጋ የለውም። ማሸት የሚፈቀደው ሐኪሙ ካዘዘ ብቻ ነው፤ ላያቸው ሸካራ የሆኑ ኢምፕላንቶች በአብዛኛው አይታሹም።

ሰውነት በማንኛውም ኢምፕላንት ዙሪያ ስስ የጠባሳ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ከጠነከረና ከተኮማተረ ግን ጡቱ ይደድራል፣ ቅርጹ ይዛባል፣ ሊያምም ይችላል። ሐኪሞች ይህን በ4 ደረጃ ይለኩታል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ዳግም ቀዶ ጥገና ሊጠይቁ ይችላሉ።

ቁስሉ

የማንሳቱ ስፌት ብዙ ጊዜ በጡት ጫፍ ዙሪያ ይዞርና ወደ ታች ወርዶ ከጡት ሥር ካለው አግድም ስፌት ጋር ይገናኛል። መገናኛው ላይ ቆዳው በጣም ስለሚወጠር መጀመሪያ የሚከፈተውም ዘግይቶ የሚድነውም እሱ ነው። ትንሽ ክፍተት በቁስል እንክብካቤ ይዘጋል። ሲጋራ የደም ዝውውርን ስለሚያዳክም የጡት ጫፍን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ጠባሳው እስኪደበዝዝ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ኬሎይድ የመውጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ከዚህ በፊት ኬሎይድ የወጣባት ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

የዕለት ተዕለት ኑሮ

በጀርባ፣ ከወገብ በላይ ቀና ብሎ መተኛትና ደጋፊ ጡት መያዣ ማድረግ ይመከራል። የቢሮ ሥራ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ሊጀመር ይችላል፤ ከባድ ነገር ማንሳት ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይከለከላል። በኢትዮጵያ ኑሮ ይህ ክልከላ ሰፊ ነው፦ ጀሪካን ማንሳት፣ ልብስ በእጅ ማጠብና ሊጥ ማቡካት ሁሉ ይገባበታል። የአንቀልባ ማሰሪያ ደረትን ስለሚጫን ልጅ ማዘልም አይቻልም። በጉባና በአካባቢው ለምትኖር የጉሙዝ ሴት፣ በትከሻ ላይ በሚጋደም ዘንግ ግራና ቀኝ ሸክም አንጠልጥሎ መሄድ የደረት ጡንቻን በቀጥታ ያሠራል። ስለዚህ ሥራውን የሚረከብ ሰው ከቀዶ ጥገናው በፊት መገኘት አለበት።

የአደጋ ምልክቶች

አንዱ ጡት በሰዓታት ውስጥ በድንገት ካበጠና ከተወጠረ ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት (በጠቆረ ቆዳ ላይ ሙቀቱና ሕመሙ ይበልጥ ይታወቃል)፣ መግል ወይም የጡት ጫፍ መጥቆር በዚያው ዕለት ሐኪም ያስፈልገዋል። የእግር ባት እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ድንገተኛ ሕክምና ይጠይቃል። እነዚህን «ገና እየተስተካከለ ነው» ብሎ ማቆየት አደገኛ ነው።

ክትትልና ርቀት

በኢትዮጵያ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪሞች በብዛት የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። በመንግሥት ሆስፒታሎች፣ ለምሳሌ በየካቲት 12፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለቃጠሎና ለአካል ጥገና ነው። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ታክማ ወደ ጉባ ወይም አሶሳ የምትመለስ ሴት ከሐኪሟ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ሳያልቁ ጉዞ ባትጀምር ይሻላል። የኢምፕላንቱን ዓይነት፣ መጠንና መለያ ቁጥር የያዘውን ካርድ መያዝ አለባት፤ ችግር ሲገጥማት በቅርብ የሚያያት ሐኪም ያለዚያ ካርድ ምን እንደተገጠመላት ማወቅ ይቸግረዋል።

ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ አያገለግልም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንት ያላቸው ሴቶች ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታዩ ይመክራል። ከዓመታት በኋላ ያለ ምክንያት የሚመጣ እብጠትም መመርመር አለበት፦ ሸካራ ኢምፕላንቶች ብርቅ ከሆነ የሊምፎማ ካንሰር ጋር በመያያዛቸው አለርጋን የተባለው ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ባዮሴል የተባሉትን ምርቶቹን ከዓለም ገበያ ሰብስቧል።